ከበር ጀርባ የተጠራቀመውን ፌስታል ምን ላድርገው?

ደብረ ብርሃን ላይ የማን ቤት ብገባ ከበር ጀርባ አንድ የተወጠረ ፌስታል ተሰቅሏል። ውስጡ ሌላ ፌስታል አለ። የዚያም ውስጥ ሌላ። ቡናው እስኪፈላ ጥያቄው ይመጣል፦ «ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው? መጣሉ ያሳዝናል፣ ማስቀመጡ ቤት ያጠባል።» ሁለተኛው ስኒ ላይ ደግሞ፦ «ቆሻሻውስ? ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ ቤቱን አሸተተው።» ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገምኩ ስመልስ ከረምኩ። አሁን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ ነው፦ እርጥቡን ከደረቁ መለየት። ሽታውም፣ ዝንቡም፣ የውሻው መዘርገፍም የሚመጣው እርጥብ ነገር በፌስታል ታስሮ ሲከርም ነው። ፌስታሉ ራሱ ደርቆ ከተቀመጠ ዕቃ ነው። ሽንኩርት ልጣጭ ከተጠቀለለበት ግን ለማንም አይሆንም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ይከለክላል። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ ያዙ። ይህ መመሪያ ቤት ውስጥ ላለው ክምችት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ባዶ ማዳበሪያ
- ክዳን ያለው አንድ ባልዲ
- አንድ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ወይም የውሃ ፕላስቲክ
- መቀስ ወይም የተሳለ ቢላ
- የልብስ ገመድና አሥር ያህል መቆንጠጫ
- ሳፋና ትንሽ ኦሞ
- ለአመድ የሚሆን የብረት ባልዲ ወይም ትልቅ የቆርቆሮ ጣሳ
- ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ አንድ ሃይላንድ
- ጓንት
- ጓሮ ላላችሁ አካፋና ዶማ

ከጓንቱና ከመቆንጠጫው በቀር የሚገዛ ነገር ያለ አይመስለኝም። ቀሪው ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚገኝ ነው።

1. ሁሉንም አውጡና ለዩ

ከበር ጀርባ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከቁም ሳጥን አናት ያለውን በሙሉ አውጥታችሁ መሬት ላይ ዘርግፉት። ከዚያ አራት ክምር አድርጉ።

የመጀመሪያው፣ ዳቦ፣ ስኳር ወይም ደረቅ እህል ብቻ የነበረበት፣ ቀለም የሌለው ንጹሕ ፌስታል። ሁለተኛው፣ ልብስና ጫማ የሚሸጡበት ወፍራሙ። ሦስተኛው፣ ጥቁሩና ባለቀለሙ ስስ ፌስታል። አራተኛው፣ የተቀደደው፣ ጥሬ ሥጋ የነካው፣ ዘይት ወይም ናፍታ የሸተተው።

ለምን ይለያል? ጥቁር ፌስታል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከዚህ በፊት ሌላ ዕቃ ከነበረ፣ ቀልጦ ከተደባለቀ ፕላስቲክ ነው። ጥቁር ቀለሙ ያንን ሁሉ ይሸፍነዋል። ምን እንደነበር ስለማይታወቅ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ጥሬ ሥጋ የነካውን ደግሞ የቱንም ያህል ብታጥቡት መታጠፊያው ላይ ደምና ስብ ይቀራል። እሱን ለቆሻሻ መያዣ ብቻ አስቀምጡት።

የተበሳ መሆኑን ለማወቅ ውስጡ አየር አስገብታችሁ አፉን ጨብጡና ጉንጫችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ቀዳዳ ካለው ነፋሱ ይሰማችኋል። ውሃ ከመሙላት ይሄ ይፈጥናል፤ በዚህ ብርድ እጅም አይደርቅም።

2. እጠቡ

በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ አትጠቡ። ቢበዛ ይሰለቻችሁና ግማሹን ሳታጥቡ ትተዉታላችሁ። ልብስ ያጠራችሁበትን የመጨረሻውን ውሃ ተጠቀሙ። ኦሞው ቀድሞም አለበት፤ ከጎደለ ቁንጥር ጨምሩ። ፌስታሉን ገልብጡና በመዳፋችሁ እሹት። ሁለቱን የታች ጥጎች በጣት ግቡባቸው፤ ፍርፋሪ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥሩት።

የፈላ ውሃ አትጠቀሙ። ስሱ ፌስታል ይኮማተራል፣ ስፌቱ ይላቀቃል፣ ማጠቡም ከንቱ ይሆናል።

3. አድርቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ፌስታል ከታጠፈ በሁለት ቀን ይሻግታል፣ ሽታው ከሌላው ሁሉ ይጋባል።

እንደተገለበጠ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ሁለቱን የታች ጥጎች በመቆንጠጫ ገመድ ላይ ስቀሉት። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ውሃው አይንጠፈጠፍም። ነፋስም ይሞላበትና ይበራል። የበጋውን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ያልተያዘ ነገር አይተወውም። የበረረው ፌስታል የሚያርፈው ከጎረቤት ግጦሽ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ለፋሲካ የገዛነው በግ ጸጉሩ ያማረ፣ ሲዳሰስ ግን አጥንቱ የሚቆጠር ነበር። «መንገድ ጎድቶት ነው» ብለን አረድነው። ጨጓራው ሲከፈት የቡጢ ያህል ነገር ወጣ። ውሃ አፍስሰን ስንተረትረው ሰማያዊ ፌስታል፣ የማዳበሪያ ክርና ሲባጎ አንድ ላይ ተገምዷል። ፌስታል በእንስሳ ሆድ አይፈጭም፣ ወደ ፊትም አያልፍም። ቦታውን ይይዝና ከብቱ ጠግቦ እንደበላ ሆኖ ይከሳል። ስለዚህ መቆንጠጫዋን አትናቋት።

ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ አታቆዩት። ፀሐይ ፌስታልን ያደርቀዋል፣ ሲነካ እንደ ቅጠል ይፈረፈራል። ጥላና ነፋስ ይበቃዋል። ማታ ውርጭ ሳይወርድበት አስገቡ። ጧት ጠል ይዞ ካደረ እንደ አዲስ ማድረቅ ነው።

4. አጥፉና ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ

የደረቀውን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከታች ወደ አፉ በመዳፍ እየጫናችሁ አየሩን አስወጡ። በቁመቱ ሦስት ጊዜ እጠፉት፤ ሦስት ጣት የሚያህል ቀበቶ ይሆናል። ከታች ጀምራችሁ ሦስት ማዕዘን እያደረጋችሁ እስከ እጀታው እጠፉ። የቀረውን እጀታ እጥፋቱ ውስጥ ሰካ አድርጉት። ሳምቡሳ የጠቀለለ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ባለ 2 ሊትሩን ፕላስቲክ ቂጡን ቁረጡ። አፉንም አንገቱ ድረስ ቁረጡ፤ ቀዳዳው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ገልብጣችሁ ግድግዳ ላይ በምስማር ስቀሉት። ከላይ ትጨምራላችሁ፣ ከታች አንድ አንድ ትስባላችሁ። የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት፤ እጅ ይቆርጣል።

ጠርሙሱ ከሞላ በቃ። ከዚያ በላይ የሚመጣው ወደ ማዳበሪያው ነው የሚሄደው። ልክ ካልተበጀለት ከበር ጀርባ ተመልሶ ይሰቀላል፤ አውቀዋለሁ።

5. እያንዳንዱን ለሚሆንበት አውሉት

ንጹሑ ነጭ ፌስታል ለደረቅ ነገር ነው፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ምስር፣ ደረቅ ዳቦ። ትኩስ ወጥ፣ ትኩስ ሽሮ ወይም የነጠረ ቅቤ አትጨምሩበት። ሙቀትና ስብ ከፕላስቲኩ ወደ ምግቡ ነገር ያሻግራሉ። ቅቤ ደግሞ ሽታ ሲስብ ማንም አይቀድመውም። ትኩስ እንጀራም እንዲሁ። እንፋሎቱ ውስጥ ለውስጥ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና እንጀራው በማግስቱ ይሻግታል። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ይብረድ።

ድንችና ሽንኩርት በታሰረ ፌስታል አታስቀምጡ። ያልበዋል፣ ያቆጠቁጣል። ድንቹ ብርሃን ካገኘ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ድንች መርዛም ነው። ክፍት ማዳበሪያ ወይም ጆንያ ይሻለዋል።

ወፍራሙን የልብስ ፌስታል ለብርድ ልብስና ለክረምት ጫማ ማስቀመጫ አድርጉት። ጥቁሩ ለቆሻሻ ነው።

እኔ ከሁሉ የምሳሳላት ግን የወተት ላስቲክ ናት። የግማሽ ሊትሯን ማለቴ ነው። ወፍራም ናት፣ ቁመቷ ለችግኝ ልክ ነው፣ እዚህ አካባቢ ወተት አይጠፋም። አንዱን ጥጓን በትንሹ ቆርጣችሁ ቅዱ እንጂ አናቷን አትገንጥሉት። ስትጨርሱ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቋት፤ ካደረች ሽታዋ አይለቅም። በኋላ አናቷን ሙሉ በሙሉ ቆርጣችሁ ታችዋን በምስማር አራት ቦታ ብሱት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉና ጎመን ወይም ጌሾ አፍሉበት። ዋልካውን አፈር ብቻውን ብትሞሉት ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል፤ አሸዋው ለዚያ ነው። ስትተክሉ ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት። አብሮ ከተቀበረ ሥሩ ይታፈናል፣ ላስቲኩም መሬት ውስጥ ይቀራል።

የተቀደደውን ባለቀለም ፌስታል በጣት ውፍረት ቆርጣችሁ ስፌት ለሚሰፉ ስጡ። ከአክርማው ጋር እያፈራረቁ ሰፌድ ያስጌጡበታል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ፌስታል ለሕፃን መጫወቻ አይሰጥም፣ አልጋው አጠገብም አይቀመጥም። አፍና አፍንጫ ላይ ሲለጠፍ ያፍናል። ጠርሙሱን ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ስቀሉት።

6. ቆሻሻውን በሦስት ያዙ

*እርጥቡ* ክዳን ባለው ባልዲ፦ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የጎመን ግንድ። ታቹ ላይ ጭብጥ ገለባ ወይም የተቀዳደደ ጋዜጣ ጣሉ። ውሃውን ይመጥጣል፣ ባልዲው ሲደፋ አይጣበቅም። ለበግና ለዶሮ የሚሆነውን ከዚህ ቀድማችሁ ለዩ።

*ደረቁ* በአንደኛው ማዳበሪያ፦ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ጀሪካን። ይህን ቆራሌው ይወስደዋል። ሃይላንዱን ክዳኑን ከፍታችሁ ጨፍልቁት፣ ከዚያ ክዳኑን ግጠሙ። ካልተጨፈለቀ በአሥር ጠርሙስ ማዳበሪያው ይሞላል። በሁለተኛው ማዳበሪያ የትም የማይሆነው ይገባል።

*አመዱ* በብረት ዕቃ ብቻ። ይህን በልምድ ነው የማውቀው። አንድ የጥር ማለዳ የማታውን የኩበት አመድ፣ በእጄም ዳስሼ፣ ቀዝቅዟል ብዬ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት። ቡናዬን ሳልጨርስ ሽታው መጣ። የባልዲው ቂጥ ቀልጦ ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቋል። እሳት አዳፍኖ ማሳደር ለምን እንደሚቻል ረስቼው ነበር፤ የኩበት ፍም አመድ ከለበሰ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። አመዱ በብረት ዕቃ አንድ ሙሉ ቀን ይደር፣ ወይም ውሃ ይረጭበት።

7. ጓሮ ካላችሁ እርጥቡን ብስባሽ አድርጉት

የሰብሳቢዎቹን ሸክም በጣም የሚያቀለው ይህ ነው፤ ከማእድ ቤት ከሚወጣው አብዛኛው እርጥብ ነውና። ብርዱ ግን ሥራውን ስለሚያዘገየው አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ክምሩ ቢያንስ በአንድ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ከፍታ ይሁን። ከዚህ ካነሰ የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። በበጋ ጉድጓድ ውስጥ፣ በክረምት ከመሬት በላይ ይሠራል። ምክንያቱም በበጋ ጉድጓዱ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ በክረምት ጉድጓድ ከሆነ ውሃ ይሞላበታል።

ታቹ ላይ የባቄላ አገዳ ወይም ጭራሮ አንድ ስንዝር አንጥፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከላዩ እርጥቡን ቆሻሻ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ገለባ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ስስ አፈር፣ ትንሽ የቀዘቀዘ አመድ በተን። እየደጋገማችሁ ከፍ አድርጉት። «እበቱ ለኩበት ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንድ አካፋ ትኩስ እበት በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ በየንጣፉ መርጨት ይበቃል፤ ማብላያው እሱ ነው። አመድ አታብዙ። ሲበዛ አፈሩን ያበላሻል።

መጨረሻ ላይ አሮጌ ማዳበሪያ አልብሱት። መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ዱላውን ነቅላችሁ ዳስሱ። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራ ላይ ነው። ደርቆ ከወጣ ውሃ ይፈልጋል። ቀዝቅዞ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፤ ገልብጡትና ገለባ ጨምሩ። በየሦስት ሳምንቱ ግድም ዳሩን ወደ መሐል፣ መሐሉን ወደ ዳር አገላብጡ።

የእኔ የመስከረም ክምር የደረሰልኝ የካቲት ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይህን ያህል አትጠብቁም፤ ቆላው ያፈጥነዋል። የእናንተ ችግር ዝንብ ስለሆነ እርጥቡን በጣላችሁ ቁጥር አፈር አልብሱ።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት አትጨምሩ። ውሻው ይቆፍረዋል፣ ማታ ጅብ ይጠራል። ፌስታልም እንዳይገባ ባልዲውን ስትደፉ አንዴ በዓይናችሁ እለፉበት።

8. አደገኛውን ለብቻ

ምላጭ፣ መርፌና የተሰበረ ብርጭቆ፦ ምላጩና መርፌው ሃይላንድ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ይጥበቅ። ብርጭቆው በካርቶን ይጠቅለል። ማዳበሪያውን በጀርባቸው የሚሸከሙት የሰው ልጆች ናቸው።

ባትሪ ድንጋይና የፍሊት ቆርቆሮ፦ እሳት ውስጥ ሁለቱም ይፈነዳሉ። ባትሪ ብስባሽ ውስጥም አይገባም።

ቀኑ ያለፈ መድኃኒት፦ መጀመሪያ የገዛችሁበትን መድኃኒት ቤት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሆነ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከቡና አተላና ከአመድ ጋር ቀላቅሉት፣ ባልተቀደደ ፌስታል አስራችሁ ጣሉት። ሽንት ቤት አትድፉት።

ዳይፐርና ሞዴስ፦ ጠቅልላችሁ በጥቁር ፌስታል። ሽንት ቤት ከተጣለ ጉድጓዱ ያለጊዜው ይሞላባችኋል፤ አይበሰብስማ።

የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ፦ ይህ በተለይ ሽንኩርት ለምታለሙ ነው። ለውሃም፣ ለዘይትም፣ ለጠላም አታውሉት። ሦስት ጊዜ ታጥቦ (እጣቢው ማሳው ላይ ይረጫል)፣ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ይበሳ።

9. አውጥታችሁ ስጡ

ሰብሳቢ ማኅበር ባለበት ሰፈር ማዳበሪያውን የሚያወጡት በመሰብሰቢያው ቀን ጧት ነው። ማታ ካወጣችሁት ውሻና ጅብ ቀድመው ይለዩላችኋል። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ እሰሩት። አፍ እስካፉ ከሞላ ማሰሪያ ያጣና መንገድ ላይ ይዘረገፋል።

ሰብሳቢ በማይደርስበት ገጠር ለቀሪው ቆሻሻ ጉድጓድ ይቆፈር። ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ውሃው ካለበት ዝቅ ባለ በኩል ይሁን። ዙሪያው ይታጠር። በጣላችሁ ቁጥር ስስ አፈር አልብሱ። ሊሞላ ግማሽ ሜትር ሲቀረው በአፈር ይደፈን። ወንዝ ዳር ግን በፍጹም። በበሬሳ ወንዝ ዳር የተጣለ ፌስታል ሐምሌ ላይ ጎርፉ ይዞት ታች ያለው ሰው መስክ ላይ ይጥለዋል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

*ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል።* ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ ቶሎ ይይዛላ። ጭሱ ግን መርዝ ነው፤ ወጡም ይጠጣዋል፣ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ልጅም። ጭራሮ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም የእንቁላል ካርቶን ተጠቀሙ። ጓሮ ላይ ቆሻሻ ማቃጠልም ያው ነው።

*የዩሪያ ማዳበሪያ ለእህል።* ለቆሻሻ ይሁን እንጂ ጤፍና ዱቄት አይቀመጥበትም። የዩሪያው ፍሬ በሽመናው መሐል ገብቶ ይቀራል።

*እርጥቡን በፌስታል አስሮ ማቆየት።* አየር ስለሌለው ይበሰብሳል ሳይሆን ይገማል። ባልዲ ከሌላችሁ በየቀኑ ማታ ድፉት።

*ብስባሽ አልሠራም ብሎ መተው።* ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ክምሩ ማነሱ ነው። የአንድ ቤት ቆሻሻ ካልሞላላችሁ ከጎረቤት ጋር በጋራ ከምሩ። እኛ በሦስት ቤት ነው የምንሞላው። ማገላበጡም ተራ አለው፤ የዚህ ሳምንት ተራ የእኔ ነው፣ ዱላው ቀዝቅዞ ስለወጣ ገለባ ፍለጋ ልወጣ ነው።